ዓይን ያላየው ዕድገት፦ የጌም ኮንሶልና የምስል ጥራት
ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ

በዚህ ዓምድ ስለ አገርና ስለ ፖለቲካ ማንበብ የለመዳችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ስለ ልጆች ጌም ሳወራ «ምን ነካው?» እንዳትሉኝ። ጉዳዩ የኪስ ጉዳይ ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ አባትና ሌሊት ፈረቃ የምታድር እናት በገና ሰሞን ከሚያወጡት ገንዘብ ቀላል የማይባለው ለዚች ዕቃ ይሄዳል። ልጁ «ያለን እኮ ይሠራል፣ አዲሱ ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ግራፊክሱ ይበልጣላ!» እስቲ ይህችን መልስ እንመርምራት።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ማሽኑ ወደፊትም ይፈጥናል፣ ምስሉም በቁጥር ይሻሻላል። ተራ ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጦ የሚያየው ልዩነት ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ እያነሰ ነው። ነገሩ እንደ ቡናችን ነው። አቦሉ ያነቃል፣ ቶናው ይጠጣል፣ በረካው ለምርቃት ነው። ከዚያ በኋላ ጀበናው ላይ ውኃ ቢጨምሩበት ቀለሙ እንጂ ጣዕሙ አይገኝም።

የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን አሜሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ምስሉ በአብዛኛው 320 በ240 ነጥብ፣ በድምሩ 76,800 ፒክስል ነበር፤ የሰው እጅ እንደ ሳጥን ጥርብ ነበር። በ2000 ፕሌይስቴሽን 2 ሲመጣ ጣት ከጣት ተለየ፣ ፊት ፊት መሰለ። ያ አቦሉ ነው። በ2006 ፕሌይስቴሽን 3 ጠፍጣፋውን ቴሌቪዥን ተከትሎ መጣና ሣሩና ላቡ ታየ፤ ይህ ቶናው ነው። በ2013 ፕሌይስቴሽን 4 በ1920 በ1080፣ ማለትም ከሁለት ሚሊዮን በላይ ፒክስል ይዞ ደረሰ፤ በረካው ይኸው። በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ «4ኬ» ማለትም ከስምንት ሚሊዮን በላይ ፒክስል ይለናል። የስሌት ጉልበቱም ከፕሌይስቴሽን 4 1.84 ትሪሊዮን በሰከንድ ወደ 10.28 ትሪሊዮን አድጓል። ከአምስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ታዲያ አምስት እጥፍ የሚያምር ምስል ያየ ሰው ማን ነው?

ምክንያቱ ሥውር አይደለም፤ ዓይን ወሰን አለው። ጤነኛ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን አንድ ስልሳኛ ዲግሪ ገደማ እስኪሆን ድረስ ነው። በዚህ ስሌት ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ የ4ኬን ነጥቦች አንድ በአንድ ለመለየት አንድ ሜትር ያህል መቅረብ ያስፈልጋል። የ1080 ነጥቦችም ቢሆኑ ከሁለት ሜትር ከሃያ ሴንቲ ገደማ ወዲያ ለዓይን ይዋሃዳሉ። እስቲ ሳሎናችሁን በሜትር ለኩት። ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥኑ ሁለት ሜትር ተኩል ከሆነ፣ ከተጨመረው ስድስት ሚሊዮን ፒክስል አብዛኛው ለማንም ያልደረሰ ስጦታ ነው። በጌሙ ውስጥ ምስሉ የሚሰፋባቸው ሦስት ማዕዘኖችም እንዲሁ ናቸው። ከ200 ወደ 2,000 ሲያድጉ ሳጥኑ ሰው ይሆናል፤ ከ200,000 ወደ 2 ሚሊዮን ሲያድጉ ሰውየው ያው ሰውየው ነው።

ማስረጃ ለሚፈልግ አንድ ጌም ይበቃል። «ግራንድ ቴፍት ኦቶ 5» በ2013 ለፕሌይስቴሽን 3፣ በ2014 ለፕሌይስቴሽን 4፣ በ2022 ለፕሌይስቴሽን 5 ተሸጧል። አንድ ጌም በሦስት የማሽን ትውልድ! የ1995 ጌም እንዲህ ተደርጎ በ2004 እንደ አዲስ ቢቀርብ ገበያው ይስቅበት ነበር። የ2013ቱ ግን በ2022 አላሳፈረም።

ከዚህም የሚብስ አለ። የፕሌይስቴሽን 5 ዋና ንድፍ አውጪ ማርክ ሰርኒ በመስከረም 2024 አዲሱን «ፕሮ» ሲያስተዋውቅ አንድ ነገር ነገረን። ጌሙ «ያማረ ምስል ወይስ የሰላ እንቅስቃሴ?» ብሎ ምርጫ ሲሰጣቸው ተጫዋቾች ከአራት ጊዜ ሦስቱን የሰላውን እንቅስቃሴ ይመርጣሉ። ልጆቻችን በአፋቸው «ግራፊክስ» ይላሉ፣ በጣታቸው ግን ሌላውን ይጫናሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ጋርላንድን ብዙዎቻችን የምናውቃት በኪራይዋ፣ በቤተ ክርስቲያኗና በእንጀራ ቤቷ ነው። የዓለም ጌም ታሪክ ግን በሌላ ያውቃታል። «ዱክ ኑከም 3ዲ»ን በጥር 1996 ያወጣው «3ዲ ሪልምስ» የጋርላንድ ድርጅት ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ ደግሞ ከጎረቤታችን ከመስኪት ከተማ የ«ኢድ ሶፍትዌር» ሰዎች «ኩዌክ»ን አወጡ። በምስል ቴክኒክ መስኪት ጋርላንድን ጥሎት ሄዷል። የኩዌክ ዓለምም ጭራቆችም በእውነተኛ ሦስት አቅጣጫ የተሠሩ ሲሆኑ፣ የዱክ ጠላቶች ጠፍጣፋ ሥዕሎች ነበሩ። ሆኖም ዱክ በፍቅር አልተበለጠም። ለምን? መስተዋቱ ምስልህን ያሳያል፣ መብራቱ ሲነካ ይጠፋል፣ ሲኒማ ቤቱና ጎዳናው የምታውቀውን ከተማ ይመስላል። ጨዋታው ለልጅ የማይመች ባለጌ መሆኑን አልክድም። ሥራውን ስንመዝን ግን ድሉ የሐሳብ እንጂ የምስል አልነበረም።

ይኸው ድርጅት ቀጥሎ ያደረገውን ልብ በሉ። በ1997 «ዱክ ኑከም ፎርኤቨር» ብሎ ተከታዩን አወጀ። ሥራው የተጀመረው በኩዌክ 2 መሠረት ላይ ነበር፤ በ1998 ያ ተጥሎ ወደ «አንሪል» ተዛወረ፤ ሌላ ቦታ የተሻለ ምስል በታየ ቁጥር የራሳቸው እያረጀባቸው እንደገና ይጀምራሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! በግንቦት 2009 ሠራተኞቹ ተበተኑ፣ ጌሙን «ጊርቦክስ» የተባለው ሌላው የአካባቢያችን ድርጅት ተረክቦ በሰኔ 2011 አወጣው። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ የወጣው ጌም ምስሉም ጨዋታውም ያረጀ ተብሎ ተተቸ። ምስልን የሚያሳድድ ሰው እንዲህ ነው፤ አድማሱን ለመያዝ ይሮጣል፣ አድማሱም አብሮት ይሮጣል።

ዛሬ ይህ የጋርላንድ በሽታ የኢንዱስትሪው በሽታ ሆኗል። በ2023 በአሜሪካ ፍርድ ቤት የወጡ ሰነዶች «ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል 2» 220 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደፈጀ አሳይተዋል። በየካቲት 2024 ሶኒ ከጌም ክፍሉ 900 ያህል ሠራተኞች ቀነሰ። የምስሉ ዋጋ ሰማይ ሲነካ የሚሞከረው ሐሳብ ያንሳል፤ ገንዘቡ የሚፈሰው ትናንት ወደ ተሸጠው ነው።

የዕቃውም ዋጋ ተገልብጧል። ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 በ299 ዶላር ወጥቶ በ2002 ወደ 199 ወረደ። ፕሌይስቴሽን 5 ግን በ499 ወጥቶ በነሐሴ 2025 አሜሪካ ውስጥ ወደ 549.99 ወጣ። የ«ፕሮ»ው መነሻ ዋጋ 699.99 ነበር፣ ያውም ያለ ዲስክ ማጫወቻ። ቺፕ እንደ ድሮው በየዓመቱ እየረከሰ አለመሄዱ አንዱ ምክንያት ነው።

«ይህን እኮ በየዘመኑ ሰዎች ብለውታል፣ ሁሌም ተሳስተዋል» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ክርክር ነው። ብርሃን ከዕቃ ወደ ዕቃ እንዴት እንደሚነጥር በቅጽበት የማስላት ዘዴ ገና ብዙ መንገድ አለው። የውኃ፣ የፀጉርና የሕዝብ ብዛት አሠራርም አላለቀም። መነጽር ሆኖ ዓይን ላይ የሚጠለቀው መሣሪያም ስክሪኑን ስለሚያቀርበው ከዓይን ወሰን ገና አልደረሰም። ስለዚህ «አበቃ» አላልኩም። ያልኩት ሳሎን ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን ላይ እንደ 2000 ዓ.ም. ዓይነት ዝላይ አትጠብቁ ነው።

ገበያውም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። በ2006 የወጣው የኒንቴንዶ «ዊ» በምስል ከፕሌይስቴሽን 3 እጅግ የደከመ ሲሆን፣ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ በለጠው። በአዲስ አበባ የፕሌይስቴሽን ቤቶች በአሮጌ ማሽን ኳስ የሚጫወተው ልጅም «ተራው የማን ነው?» ይላል እንጂ ፒክስል አይቆጥርም። የአዲስ አበባው «ቅኔ ጌምስ» የምታመልጠውን ዶሮ «ኩኩሉ»ን ለእጅ ስልክ ሲሠራም በፒክስል ብዛት ከሶኒ ጋር አልተሽቀዳደመም።

የእኛ የጥንት ሠዓሊዎችም ይህን ያውቁ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ይሥሉታል። እንደ ፎቶግራፍ ሰው አይመስልም፣ ግን ማን ማን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ጥሩ ምስል ማለት ለተመልካቹ የሚናገር ምስል ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጁ አዲሱን ሲጠይቅ «ግራፊክሱ» የሚለውን መልስ አትቀበሉት። «በያዝነው ላይ የማይሠራ፣ አንተ የምትወደው ጌም የትኛው ነው? ስሙን ንገረኝ» በሉት። ስሙን ከነገራችሁና ከተገቢው በላይ ካልሆነባችሁ ግዙለት፤ ጥሩ ጌም እንደ ጥሩ መጽሐፍ ገንዘብ ይወጣበታል። ስም ካጣ ግን ያለው ማሽን ገና አላረጀም።

ቸር ይግጠመን።