ፀሐይን የሠሩ መብራቶች፤ የኦላፉር ኤሊያሰን ዓውደ ርእዮች ሲፈተሹ

ጥበብና ሳይንስ ተገናኙባቸው የሚባሉት ዓውደ ርእዮች አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮስኮፕ ወይም በቴሌስኮፕ የተነሣን ምስል አጉልተው ግድግዳ ላይ ከመስቀል አያልፉም፤ ጎብኚውም በውበቱ ተደንቆ ይወጣል እንጂ ምስሉ በምን መንገድ እንደተገኘና ለምን ሊታመን እንደሚገባ የሚጠይቅበት ፋታ አያገኝም። እንዲህ ባለው ዝግጅት ሳይንስ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1967 የተወለደው፣ ዴንማርካዊም አይስላንዳዊም የሆነው አርቲስት ኦላፉር ኤሊያሰን በተሻሉ ሥራዎቹ የተከተለው ግን ሌላ መንገድ ነው፤ ካስደነቀ በኋላ ያስደነቀበትን ዘዴ አይሸሽግም።

ለዚህ ዋነኛው ማሳያ ከጥቅምት 2003 እስከ መጋቢት 2004 በለንደኑ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በቴት ሞደርን የቀረበው «የአየር ሁኔታ ፕሮጀክት» ነው። ሕንፃው ቀድሞ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የነበረ ሲሆን፣ ሥራው የተተከለውም ጄኔሬተሮቹ ይቆሙበት በነበረው ተርባይን አዳራሽ ውስጥ ነው። ከአዳራሹ ጫፍ በጭጋግ ውስጥ የምትታየው ግዙፍ ፀሐይ በእርግጥ ግማሽ ክብ ብቻ ነበረች፤ ሙሉ ያደረጋት ጣሪያውን የሸፈነው መስታወት ነው። ከጀርባዋ የተደረደሩት መብራቶች ደግሞ ለመንገድ ከሚውሉት ወገን የሆኑ ባለ አንድ ሞገድ መብራቶች ነበሩ። የሞገድ ርዝመት የሚባለው በብርሃን ሞገድ በአንዱ ጫፍና በተከታዩ ጫፍ መካከል ያለው ርቀት ሲሆን፣ ዓይን ቀለምን ከቀለም የሚለየው በዚህ ርቀት መለያየት ነው። የሶዲየም መብራት ብርሃን በ589 ናኖሜትር ገደማ ስለሚወሰን (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው)፣ ቀይ ሹራብና አረንጓዴ ካፖርት የለበሱ ሁለት ሰዎች በዚያ አዳራሽ ጎን ለጎን ቢቆሙ ልብሳቸው የሚለያየው በድምቀትና በጥቁረት እንጂ በቀለም አይደለም። ጎብኚዎች ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ከላይ በመስታወቱ ውስጥ ጉንዳን ያህል ያነሰ ምስላቸውን ይፈልጉ ነበር፤ ተነሥተው ከፀሐይቱ ጀርባ ሲዞሩ ግን ሽቦውንና መብራቱን ያገኙታል። ምትሐቱ መፍረሱ ሥራውን አላረከሰውም፤ ጎብኚው የገዛ ዓይኑን አሠራር እንዲታዘብ ያስቻለው ይኸው መፍረስ ነው።

በግሪንላንድ ከተወለደው የሥነ ምድር ሊቅ ከሚኒክ ሮሲንግ ጋር የተዘጋጀው «አይስ ዎች» ይህን ያህል አልተሳካም። በ2015 መጨረሻ፣ የአየር ንብረት ጉባኤ በፓሪስ ሲካሄድ፣ ከግሪንላንድ የመጡ 12 ትልልቅ የበረዶ ቋጥኞች እንደ ሰዓት ቁጥሮች ተደርድረው ፓንቴዮን ከተባለው ሕንፃ ፊት ባለው አደባባይ ቀለጡ። በዚሁ ሕንፃ ውስጥ የፊዚክስ ሊቁ ሌዮን ፉኮ በ1851 በ67 ሜትር ሽቦ ያንጠለጠለው ፔንዱለም፣ ማለትም ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ እንክብል ብረት፣ የመወዛወዣ አቅጣጫው ቀስ በቀስ ሲዞር ምድር መዞሯን ለተሰበሰበው ሕዝብ አሳይቶ ነበር፤ ያየ ሁሉ ማስረጃውን ራሱ ይመረምር ነበር። በአደባባዩ ላይ ግን ስለ ምድር መሞቅ የተያዘው ድምዳሜ ከበረዶው ቀድሞ ደርሷል። ከዚህ ስብከት የሚያመልጠው፣ ጆሮውን ወደ ቋጥኙ ላስጠጋ ሰው የሚሰማው ድምፅ ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ በውስጡ ታምቆ የኖረ ጥንታዊ አየር ጠሽ ጠሽ እያለ ይፈነዳል፣ የጥንቱን ከባቢ አየር የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም የሚለኩት እንዲህ ታምቆ የቆየውን አየር ነው።

ኤሊያሰን ከመሐንዲሱ ፍሬደሪክ ኦተሰን ጋር የሠራትና በ2012 ይፋ የሆነችው «ሊትል ሰን» የተባለች የፀሐይ ኃይል መብራት ከኢትዮጵያ ጋር በዓላማም በቅርፅም ተዛምዳለች፤ የተወጠነችው የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሳቸው እንደ ኢትዮጵያ ገጠር ላሉ አካባቢዎች ሲሆን፣ ቢጫ ገጽታዋም የተቀዳው ከአደይ አበባ ነው። ገበሬው ቤት ገብታ ልጅ ደብተሩን ሲያነብባት ሥነ ጥበብ መሆኗ ያከራክር ይሆናል፤ ጥቅሟ ግን አያከራክርም። በዚያው ዓመት ቴት ሞደርን የአዳራሾቹን መብራት አጥፍቶ ጎብኚዎች ሥዕሎቹን በዚህችው መብራት እንዲያዩ ጋብዟል። እያንዳንዱ ሰው ብርሃኑ እስከደረሰበት ድረስ ብቻ አየ፤ ቀሪው ሸራ ጨለማ ነው። የማየት ወሰን በእጅ የተጨበጠበት ይህ ዝግጅት ከኤሊያሰን ሥራዎች ሁሉ ለሳይንስ መንፈስ ከሚቀርቡት አንዱ ቢሆንም፣ በኩራዝ ለሚያመሽ ቤተሰብ የዘወትር ችግር የሆነው ጨለማ ለለንደን ጎብኚ የአንድ ምሽት መዝናኛ መሆኑን የሚያነሣ ነገር በአዳራሹ ጨለማ ውስጥ አልነበረም።