ጉጉትን ከጉጉት መለየት

አዲስ የወፍ አስጎብኚዎችን ሳሠለጥን አስቀድሜ የማስጠነቅቃቸው ነገር አለ፤ ጉጉትን በቁንጮዋ አትለዩ። ጆሮ የሚመስለው ነገር ቀጥ ብሎ የቆመ ላባ ብቻ ነው። ጆሮዋ ከፊቷ ላባ ስር በግራና በቀኝ የተሸሸገ ቀዳዳ ነው።

ባሌ ውስጥ ዲንሾ ይህን ለማስተማር የሚመች ቦታ ነው። ጽዱና ኮሶው መሀል ረጅም ቁንጮና ብርቱካናማ ዓይን ያላት የሐበሻ ጉጉት ትውላለች። በዚያው በባሌ ተራሮች ገደላ ገደል የምትወድ ግዙፍ ጉጉትም አለች፤ የእሷም ቁንጮ ረጅም፣ ዓይኗም ብርቱካናማ ነው። ላየ ሰው እናትና ልጅ ይመስላሉ። ሆኖም ግዙፏ ቡቦ ከሚባለው ወገን ስትሆን፣ የሐበሻዋ ደግሞ አሲዮ ናት። የቅርብ ዘመዷ ረግረግ ሣር ውስጥ የምትኖረው፣ ዓይኗ ጥቁር፣ ቁንጮዋም ከቅርብ ካልታየ የማይለየው ጉጉት ናት።

ጉጉቶች ሁሉ በሁለት ቤተሰብ ይከፈላሉ። የልብ ቅርጽ ያለው ነጭ ፊት ያላት፣ አሮጌ ቤትና ጎተራ የምትወደው ጉጉት ከአነስተኛው ቤተሰብ ናት። የሞተች ከተገኘች እግሯን እዩ፤ የመካከለኛው ጣት ጥፍር ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አውጥቷል። በሌላው ቤተሰብ ይህ አይታይም።

መልክ የማይበቃበት ጊዜም አለ። ቅርፊት የሚመስል ላባ ያላት ትንሿ የአፍሪካ ጉጉት፣ የአገሯን ብርድ ሸሽታ ከአውሮፓና ከእስያ ከምትመጣው እህቷ በዓይን ለመለየት እጅግ ታስቸግራለች። ስትጣራ ግን አትደበቅም፦ አጭር፣ የሚንቀጠቀጥ «ፕርርር»፤ ከዚያ ጥቂት ሰከንድ ዝምታ፤ እንደገና «ፕርርር»። የእንግዳዋ ጥሪ ንጹህ ፉጨት ነው፤ እዚህ ሳለች ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ስለምትል አንዳንዷን ሳንሰይም እናልፋለን። ጉጉት ጥሪዋን ከወላጅ ሰምታ አትማረውም፤ አብሯት ይወለዳል። ስለዚህ ለዝርያዋ ታማኝ ምስክር ነው። ስሪላንካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 በጥሪዋ ብቻ የተጠረጠረች ትንሽ ጉጉት በ2001 በዓይን ታየች፤ በ2004 አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች።

ይህን ሁሉ መለየት ለምን ያስፈልጋል? ለሁሉም «ጉጉት» የሚል አንድ ስም ብቻ ከሰጠን፣ አንዷን ስላየን ሌሎቹም ያሉ ይመስለናል። የሐበሻዋ ጉጉት ግን ዛፍ ትፈልጋለች፤ የረግረጓ ደግሞ ያልታረሰ ሣር። ደኑን ጠብቀን ረግረጉን ብናርስ አንዷን አትርፈን ሌላዋን እናጣለን። የምንጠብቀውን ቦታ የምናውቀው ነዋሪዋን በስሟ ስናውቃት ነው።