ስለ ቤትና ስለ ደጅ

ወጣቶች ሆይ፤ ስለ ሕንፃ ለመፍረድ መሐንዲስ መሆን ያስፈልጋል ትሉኝ ይሆናል። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነበርሁ እንጂ መሐንዲስ አልነበርሁም። ነገር ግን በጅማ ከተማ በጋራ መኖሪያ ቤት በሦስተኛው ፎቅ ላይ እኖራለሁና፤ የሚኖርበትን ቤት መመዘን ለማንም ሰው የተፈቀደ ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞችም፣ ወደ ጅማም ደረሰ። አሳቡን አልነቅፍም። በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 47 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ብዙዎቹ በቀበሌ እጅ ሆነው ሳይጠገኑ አርጅተው ነበርና፤ ጣራው በሚያፈስ ጭቃ ቤት ውስጥ ላደገ ሰው ቧንቧና መጸዳጃ ያለበት ቤት ትልቅ ጸጋ ነው። ዕጣ በወጣ ቀን እልል ያሉትን እናቶች አይቻለሁ። ቤተ ሰብ በቤተ ሰብ ላይ መደራረቡንም አልነቅፍም፤ ሕዝብ ሲበዛ መሬት አይበዛምና።

የምነቅፈው በሕንፃና በሕንፃ መካከል የቀረውን መሬት ነው። ቤቱና ደረጃው ተለክቶ ካለቀ በኋላ የተረፈው ሁሉ ደጅ ተባለ።

ባለፈው ዓመት በክረምት ከበላያችን ይኖሩ የነበሩ አንዲት እናት ዐረፉ። አስከሬኑ ሲወርድ በደረጃው መዞሪያ ላይ አልታጠፍ ስላለ ሳጥኑን አቁመን አወረድነው። ከዚያም የዕድሩ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ጠፋ። ከመሬቱ ጥቂቱ የጎርፍ ቦይ ነው፤ ጥቂቱ የተከመረ ጠጠር ነው፤ ለጥ ያለው አንዱ ሜዳ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ስለዚህ ድንኳኑ በመንገድ ዳር ተተከለና ለቀስተኛው ሦስት ቀን ሙሉ በባጃጅ ጡሩምባ መካከል ተቀመጠ። እኔም እጅግ አፈርሁ። ያ ሜዳ ለመኪና እንዲሆን ከሁለት ዓመት በፊት በነዋሪዎች ስብሰባ እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነበርሁ፤ የልጄ መኪና የምትቆምበት ቦታ ፈልጌ ነበርና።

ፕላኑን ያወጡት ሰዎች የአገሩን ልማድ ጨርሰው አልረሱትም። እንጀራ የሚጋገርበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት በአሳቡ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጣራ ላለው ነገር አሰቡ፤ ጣራ ለሌለው አላሰቡም። በእኛ አገር ግን ደጅ ሥራ አለው። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በየቡ ቡና በተለቀመ ጊዜ በየግቢው በአልጋ ወይም በምንጣፍ ላይ ይሰጣል፤ ደርቆ ጀንፈል እስኪሆን ሁለት ሦስት ሳምንት ፀሐይ ይፈልጋል፤ ደመና ሲመጣ የሚሸፍነው፣ ዶሮ ሲገባ የሚያባርርለት ሰውም በአጠገቡ መኖር አለበት። አንድ ጎረቤቴ ከአጋሮ የመጣለትን እሸት ቡና በደረጃው መዞሪያ ላይ ቢያሰጣው ሻግቶ ቀረ። ዛሬ ቡናውን የሚገዛው ከሱቅ ነው፤ ለጅማ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በልደታ እንደ ታየው አሮጌ ሠፈር ፈርሶ በቦታው ፎቅ በሚሠራበት ጊዜ፣ ደጅ ከተፈለገ ቤት ይጎድላል የሚሉ አሉ። እስቲ ሒሳብ እንሥራ። 60 ሜትር በ60 ሜትር የሆነ ቦታ አለን እንበል፤ ስፋቱ 3,600 ካሬ ሜትር ነው። በመካከሉ 20 በ20 የሆነ ሕንፃ ብናቆም 400 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ 8,000 ካሬ ሜትር ወለል እንዲሰጠን 20 ደርብ ሊኖረው ይገባል። ሕንፃውን ከመካከል አንሥተን ወርዱን 10 ሜትር አድርገን በቦታው ዳር ዳር ብናዞረው ግን 2,000 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ ያንኑ 8,000 በ4 ደርብ ብቻ እናገኛለን። በመካከሉም 40 በ40 የሆነ ሜዳ ይቀርልናል። ለመግቢያውና ለማእዘኖቹ ጨለማ ጥቂት ቅናሽ አድርጉ፤ ነገሩ አይለወጥም። ይህን በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሌስሊ ማርቲንና ላዮኔል ማርች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ውስጥ አስረድተውታል።

ከእናንተ መካከል ንቁ የሆነ ተማሪ፣ በረጅሙ ሕንፃ ዙሪያ የሚቀረው መሬት 3,200 ነውና ይበልጣል ይለኛል። እውነት ነው፤ ይበልጣል። ነገር ግን የማን ነው? በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ፕሩይት አይጎ የተባለ ሠፈር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ውስጥ ተሠራ፤ 33 ሕንፃዎች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸውም ባለ 11 ደርብ ነበሩ። በመካከላቸው የነበረው ሰፊ መሬት በቆሻሻና በስባሪ ጠርሙስ ተሞላ፤ ከ1972 እስከ 1976 ድረስም ሠፈሩ በሙሉ ፈረሰ። የጥገና ገንዘብ ማነሱና በጥቁሮች ላይ የነበረው አድልዎ ጭምር ስለ ጎዳው፣ ጥፋቱን ሁሉ በሜዳው ላይ መጫን አይገባም። ሆኖም ኦስካር ኒውማን የተባለ መሐንዲስ ያንን ሠፈር ተመልክቶ፣ ጥቂት ቤተ ሰቦች የሚጋሩት መሬት ጠባቂ እንደሚያገኝ፣ ብዙ ሰው የሚጋራው ግን ጠባቂ እንደሚያጣ ጽፏል። በመስኮታችሁ የምታዩትና ልጆቻችሁን የምትጠሩበት ሜዳ ሌላ ነው፤ በዙሪያው የምታልፉት ባዶ መሬት ሌላ ነው።

ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ብታዩ የእንጨቱ ሰገነት ወደ ግቢው ይመለከታል። እዚያ የተሰበሰበ ሰው ከላይም ከታችም ይታያል።

የእኛን ሕንፃዎች አፍርሶ በዙሪያ መትከል አይቻልም። የሚቻለው ሜዳውን መመለስ ነው። ለመጪው ስብሰባ ማመልከቻ ጽፌአለሁ፤ መኪናዎቹ ወደ ውጭ እንዲወጡ፣ የቦዩ አፍ በድንጋይ እንዲከደን፣ ለድንኳኑም ካስማ መትከያ እንዲዘጋጅ ይጠይቃል። ልጄ ነገሩን አልወደደውም፤ ከአንድ ሳምንት ወዲህ መኪናውን ከእኅቱ ቤት እያሳደረ በእግሩ ይመጣል። እስከ ዛሬ 31 ሰዎች ፈርመዋል፤ ከእነዚህ መኪና ያላቸው ሁለት ናቸው።