ዞሮ ዞሮ ከቤት፤ ግን ከየትኛው ቤት?

"ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት" የሚለው ተረታችን ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። ሰው የትም ቢዞር መመለሻው ቤቱ ነው፤ የቱንም ያህል ቢኖር ማረፊያው አፈር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ግን ተረቱ አያነሣውም። ሰውየው ከተመለሰ በኋላ አፈር እስኪለብስ ድረስ ዐሥርም ሃያም ዓመት ሊኖር ይችላል። በእነዚያ ዓመታት ቡናውን ከማን ጋር ይጠጣል? ሲያመው በሩን ማን ያንኳኳለታል? የቤት ኪራዩን ከምን ይከፍላል? ተረቱ ዝም ይላል። ተረት ዝም ቢል አይፈረድበትም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ድርሰታችንና ፊልማችን ከተረቱ ጋር አብረው ለምን ዝም አሉ የሚል ነው።

ጥያቄው የሐሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ፣ በተለይም ከቀይ ሽብር ወዲህ፣ ከአገር የወጣው ትውልድ ዛሬ አርጅቷል። በ1970 ዓ.ም. በሃያ ዓመቱ በሱዳን በኩል የወጣ ወጣት አሁን ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ጡረታቸውን አስከብረው፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተው፣ አንዳንዶቹም የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ወይም በፍቺ አጥተው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ብቻቸውን የሚመለሱ አሉ። ብዙውን ጊዜ የሚመለሱት አባታቸው ወደ ተወለደበት ገጠር አይደለም። ወዳደጉባት፣ ወይም ተምረው ወደ ወጡባት ወደ አዲስ አበባ ነው።

ይህን ሰው በኪነ ጥበባችን ውስጥ እንፈልገው። የተመላሽ ገጸ ባሕርይ እጥረት የለብንም። በ1941 ዓ.ም. የታተመው የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት "አርአያ" ፈረንሳይ አገር ተምሮ የሚመለስ ሰው ታሪክ ነው። የመንግሥቱ ለማ ተውኔት "ያላቻ ጋብቻ"ም የውጭ ትምህርት ቀምሶ የመጣን ባሕሩን መሐል አቁሞ ከወግና ከዘር ቆጠራ ጋር ያጋጥመዋል። ሁለቱም ተመላሾች ወጣቶች ናቸው። የሚመለሱት ሊሠሩ፣ ሊያሻሽሉ፣ ሊያገቡ ነው። አገሩ ይቀበላቸዋል ወይስ ይገፋቸዋል የሚለው ጥያቄ ታሪኩን ይሸከመዋል። ደራሲዎቹ በጊዜያቸው የሚያውቁት ተመላሽ ይህ ነበርና ነቀፋ የለባቸውም። ይሁንና የመመለስ ታሪካችን ያን ጊዜ የወጣት ታሪክ ሆኖ ተጀመረ፤ ወጣት እንደሆነም ቀረ።

ከዚህ ቅርጽ ወጣ ለማለት የሞከረው የኃይሌ ገሪማ ፊልም "ጤዛ" ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል። ባለታሪኩ አንበርብር ጀርመን አገር ሕክምና የተማረ ምሁር ነው። በደርግ የመጨረሻ ዘመን ወደ ጣና ዳር መንደሩ ሲመለስ ወጣት አይደለም። አንድ እግሩን አጥቷል፤ ትዝታው ተቆራርጧል፤ የያዘው ዕቅድም የለም። በፊልሙ ውስጥ መመለስ ድል አይደለም፣ ቁስል ነው። በዚህ ረገድ "ጤዛ" ከቀደሙት ታሪኮች አንድ ትልቅ እርምጃ ተራምዷል ማለት ይቻላል።

ነገር ግን አንበርብር የተመለሰው ወዴት እንደሆነ ልብ እንበል። የተመለሰው ወደ እናቱ ነው። እናት አለች፤ እሳት የሚነድበት ጎጆ አለ፤ ሐይቁ አለ፤ ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቁት ሽማግሌዎች አሉ። መንደሩ ገነት አይደለም፤ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ ይደበቃሉ፤ አዛኑ የምትባለውን ሴት መንደሩ አግልሏታል። ቢሆንም አንበርብር የሚድነው እዚያ ነው። መጨረሻ ላይ መምህር ሆኖ ከልጆች ፊት የሚቆመውም እዚያ ነው። አዲስ አበባስ? በፊልሙ ውስጥ አዲስ አበባ የስብሰባ፣ የሂስና ግለ ሂስ፣ የፍርሃት ከተማ ናት። ባልንጀራው ተስፋዬ የሚገደለው እዚያ ነው። ከተማይቱ የሚሸሿት እንጂ የሚመለሱባት ቦታ አይደለችም።

ፊልሙ ስለዚያ ዘመን የሚለው እውነት ነው። ችግሩ ያለው ይህ አቀማመጥ፣ ማለትም ከተማ ቁስል፣ መንደር መድኃኒት የሚለው፣ እንደ ዘላለማዊ ሕግ ሲወሰድ ነው። አንበርብር ሃያ ዓመት ዘግይቶ ቢመለስ ኖሮ እናቱን በሕይወት ባላገኛት ነበር። እናት የሌለችበት መመለስ ምን ይመስላል? ኃይሌ ገሪማ ይህን እንዲመልስ አንጠይቀውም፤ እሱ የራሱን ጥያቄ በሚገባ ጠይቋል። ከእሱ በኋላ ካሜራና ብዕር የያዙትን ግን መጠየቅ ይገባናል።

ለዝምታው ምክንያት የሚሆን አንድ ነገር በዕለት ንግግራችን ውስጥ አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገን ሰው "አገርህ የት ነው?" ብለን ስንጠይቀው ካዛንቺስ ወይም ጉለሌ ብሎ ቢመልስ አንረካም። "እሱስ ይሁን፣ የአባትህ አገር?" እንላለን። መልሱ መንዝ ወይም ጉራጌ፣ ወለጋ ወይም ጎጃም እስኪሆን ድረስ እንጠብቃለን። ከተማ በቋንቋችን ሥራ የሚገኝበት፣ ትምህርት የሚቀሰምበት፣ ጉዳይ የሚፈጸምበት ሥፍራ ነው። "አገር" ሌላ ቦታ ነው። ከተማ አገር ካልሆነ ወደ ከተማ መመለስም መመለስ አይባልም፤ መጥቶ ማረፍ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ነው በእርጅናዋ ብቻዋን ወደ አዲስ አበባ የተመለሰችውን ሴት "መቼ መጣሽ?" ብለን ሳንጨርስ "መቼ ትመለሻለሽ?" የምንላት። በጥያቄያችን ውስጥ እንግድነቷን ፈርደናል።

እርግጥ ነው፣ ተመላሹ ከመድረኩ ጨርሶ አልጠፋም። በየቴሌቪዥኑ አስቂኝ ድራማና በየሲኒማ ቤቱ ፊልም "ዲያስፖራ" ሆኖ ይመጣል። ኪሱ ሞልቷል፤ አማርኛው ተሰባብሯል፤ ወይ ሊያገባ ወይ ሊታለል ነው የመጣው። እንስቃለን። ነገር ግን ያ ገጸ ባሕርይ የሚቆየው ለአንድ ክረምት ነው። መድኃኒቱን በየሰዓቱ የሚቆጥረውን፣ እሑድ ከሰዓት የሚደውልለት ያጣውን ሰው ሊያሳየን አይችልም።

የሌላ አገር ሥራ ለመለኪያ ያህል ብንጠቅስ አይከፋም። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1952 ለዕይታ ያበቃው "ኡምቤርቶ ዲ" የተባለ ፊልም አለ። ባለታሪኩ ሮም ውስጥ በኪራይ ክፍል የሚኖር ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ያለው አንድ ውሻ ብቻ ነው። ይህ ሰው ከየትም አልተመለሰም፤ ከተማዋን ለቆም አያውቅም። እዚህ የምጠቅሰው ፊልሙ የአንድን ብቸኛ ሽማግሌ የከተማ ኑሮ በምን ዓይነት ዝርዝር እንዳየው ለማሳየት ነው። ውዝፍ ኪራይ አለበት፤ አከራይዋ እሱ በሌለበት ክፍሉን በሰዓት ታከራየዋለች። ሰዓቱን ይሸጣል፤ መጻሕፍቱን ይሸጣል። አንድ ቀን ለልመና እጁን ይዘረጋል፤ ሰው ሊሰጠው ሲጠጋ ግን ዝናብ እየጣለ እንደሆነ የሚመለከት መስሎ መዳፉን ይገለብጣል። በዚያ አንድ የእጅ እንቅስቃሴ ውስጥ ክብርም ርሃብም አለ። ዴ ሲካ ስለ እርጅና ንግግር አያደርግም። ሒሳብ ነው የሚያሳየን፦ ገቢው ይህን ያህል፣ ኪራዩ ይህን ያህል።

እኛም ሒሳባችን አለን። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ሰጠ፤ ሕዝቡ "ቢጫ ካርድ" የሚለውን። ባለ ካርዱ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። በወረቀት ላይ የቤተሰብም የእንግዳም ነው። ከአሜሪካ የተመለሰ ዜጋ የጡረታ ገንዘቡ እዚህ ድረስ ሊከተለው ይችላል። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የሕክምና መድን ግን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ምድር ውጭ አይከፍልም። ስለዚህ ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ሳለ እዚህ ይኖራል፤ ሲታመም ትኬት ይቆርጣል። በሁለት አገር መካከል የተንጠለጠለው ልቡ ብቻ አይደለም፤ ኩላሊቱም ነው።

ቤቱስ? የአባቱ ቤት ምናልባት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ተብሎ ተወርሶ ይሆናል። ያደገበት ሰፈር ዶሮ ማነቂያ ከነበረ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ካዛንቺስ ከነበረም በ2017 ዓ.ም. መፍረስ ደርሶበታል። ጎረቤቶቹ ከከተማው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበትነዋል። እሱም ከእነሱ አንዱ ጋር ተጠግቶ ቢከራይ፣ ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች አሳንሰር የላቸውም። ውኃ በጠፋ ቀን አራተኛ ፎቅ ጀሪካን ማን ያወጣለታል? "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል" እንላለን፤ ጎረቤቱ ግን ራሱ የመጣው ትናንት ነው።

እድርስ አለ አይደል? አለ። መግቢያውን ከፍሎ አባል መሆን ይችላል። ይሁንና እድር በመሠረቱ የተቋቋመው ለሞት ነው፤ የተረቱን ሁለተኛ ክፍል፣ "ኖሮ ኖሮ ከመሬት" የሚለውን፣ በሚያስመሰግን ሁኔታ ይፈጽማል። ድንኳኑ ይተከላል፤ ሰው ይሰበሰባል፤ ንፍሮው ይቀርባል። ሰውየው በሕይወት ሳለ ቤቱን ያልረገጠ ሁሉ በሞተ በማግሥቱ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ያነጋል። እዚህ ላይ አንድ ልብ ወለድ ደራሲ ሊያልፈው የማይገባ ነገር አለ። ለቀብር የሚሆን እንዲህ ያለ የተሟላ ሥርዓት ያለን ሕዝቦች ለብቻ ኑሮ የሚሆን ሥርዓት ለምን አላበጀንም?

መልሱ ብቸኝነትን እንደ ኑሮ ሳይሆን እንደ ነውር ስለምንቆጥረው ይመስለኛል። "ብቻዋን ነው የምትኖረው" ሲባል ከንፈር ይመጠጣል። እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ "ታዲያ የምትፈልገው ሌላ የለቅሶ ድርሰት ነው? ለቅሶ መቼ አነሰን?" የሚል። ተቃውሞው ትክክል ነው። በእርጅና ብቻውን ወደ ከተማ የሚመለስ ሰው ሁሉ የሚታዘንለት አይደለም። ከልጆቿ ጓዳ የልጅ ልጅ ጠባቂ ሆና ከምትቀር የራሷን በር በራሷ ቁልፍ መክፈትን የመረጠች ሴት አለች። ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሳ፣ ቀትር ላይ ጋዜጣዋን አንብባ፣ ማታ ከጓደኛዋ ጋር ቴያትር የምታይ። ይህም ኑሮ ነው፤ ምናልባትም ለረጅም ጊዜ የተመኘችው ኑሮ። እሷን በከንፈር መጠጣ የሚጽፋት ደራሲ በአስቂኝ ድራማ ከሚያላግጥባት የሚሻል አይደለም። ሁለቱም አላዩዋትም።

ስለዚህ የሚጠበቀው ታሪክ የለቅሶም የፌዝም አይደለም። የሚጠበቀው በጥንቃቄ የሚያይ ነው። ከተማዋ ስትለወጥ የሚከፋው ብቻ ሳይሆን የሚደነቅም ተመላሽ ያስፈልገናል። የሚያውቀውን ኬክ ቤት ፈልጎ ሲያጣ፣ እዚያው አጠገብ አዲስ ቡና ጠጪዎች አግኝቶ የሚቀመጥ። የአንበርብር ትዝታ ጣና ዳር እንደ ሄደ ሁሉ የእሱ ትዝታ አውቶቡስ ቁጥር፣ የሲኒማ ትኬት፣ የቀበሌ ወረፋ ላይ ይሄዳል። እነዚህም እንደ ሐይቅና እንደ ጤዛ የልጅነት ዕቃዎች ናቸው። አስፋልት ላይ ያደገ ልጅ ሌላ ጤዛ የለውም።

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። አራትና አምስት ትውልድ ተወልዶባታል፤ ተቀብሮባታል። እስካሁን ግን በድርሰታችን ውስጥ ሰው የሚመጣባት ወይም የሚሄድባት ከተማ ናት። አንድ ቀን አንድ ደራሲ አንዲትን ሽበታም ሴት ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አውጥቶ፣ ታክሲ አሳፍሮ፣ ባለታክሲው "ወዴት ልውሰድዎት እትዬ?" ሲላት "ወደ አገሬ" ብላ የሰፈሯን ስም ስትጠራ ያሰማን ይሆናል። ያን ጊዜ የተረቱ መካከለኛ ክፍል መጻፍ ይጀምራል።