ሴትና የውጊያ ግንባር፦ ዘዳግም 22፥5ን የምናነብበት መንገድ ሲመዘን

ሴት ልጅ በውጊያ ግንባር ልትሰለፍ ይገባታልን? ይህ ጥያቄ በነቀምት፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ላሉ ማኅበረ ምእመናን የመማሪያ ክፍል ክርክር ብቻ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ኦሮሚያ የዘለቀው ግጭት ጥያቄውን ወደ ሽማግሌዎች ስብሰባ አምጥቶታል። አንዲት እህት ጠመንጃ ይዛ ከቆየችበት ትመለሳለች፤ ቀድሞ ወደምታገለግልበት መዘምራን መመለስን ትጠይቃለች፤ ሽማግሌዎችም መልስ ያጣሉ። በእንዲህ ያለ ስብሰባ ተቀምጬ ከአንድ ጊዜ በላይ የሰማሁት መልስ ዘዳግም 22፥5 ነው፦ ሴት የወንድን ዕቃ እንዳትይዝ ተከልክላለችና መሄዷ ራሱ ኃጢአት ነበር፣ ሌላ መመርመር አያሻም የሚል። ይህ አተረጓጎም በስብከትም በተማሪዎች የጽሑፍ ሥራም እየተደጋገመ ስለ መጣ ሊመዘን ይገባዋል።

ንባቡ መሠረት የለሽ አይደለም። የዕብራይስጡ «ከሊ ጌቤር» ከልብስ የሰፋ ነው። «ከሊ» በዘፍጥረት 27፥3 ዔሳው ለአደን የሚይዘውን መሣሪያ፣ በ1ኛ ሳሙኤል 31 ደግሞ የሳኦልን የጦር ዕቃ ያመለክታል። የኦንቄሎስ ታርጉምም ቃሉን የጦር መሣሪያ ብሎ ተረጎመው። ስለዚህ ወንድሞቻችን ከራሳቸው አላፈለቁትም። ችግሩ ያለው በዐውዱ ላይ ነው። በዙሪያው ያሉት ሕጎች ስለ ወፍ ጎጆ፣ ስለ ቤት ጣሪያ መከታ፣ ስለ ተደባለቀ ዘር የሚናገሩ ናቸው። ኦሪት ስለ ሠራዊት የምትደነግገው በምዕራፍ 20 ነው፤ እዚያም የምናገኘው ስለ ሴት የተነገረ ክልከላ ሳይሆን ቤት ሠርቶ ያልገባበት፣ ወይን ተክሎ ያልበላለት፣ አጭቶ ያላገባ፣ ልቡም የፈራ ወንድ ወደ ቤቱ ይመለስ የሚል ትእዛዝ ነው። 22፥5ን የምልመላ ደንብ የሚያደርግ ሰው 20፥8ንም ለምልመላ ለተጠሩት ወንዶች ልጆቻችን ሊያነብላቸው ይገባል። ይህ ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም።

በሌላው ወገን ያሉት ዲቦራን ይጠራሉ። እነርሱም ይቸኩላሉ። ዲቦራ ነቢይትና ፈራጅ ነበረች፤ ባርቅ ያለ እርሷ አልሄድም ስላለ አብራው ወጣች እንጂ ሰይፍ መዘዘች ተብሎ አልተጻፈም። ሲሣራን የገደለችው ኢያዔልም በድንኳኗ የነበረች ሴት ናት። ከእነርሱ ታሪክ የሠራዊት ሕግ ማውጣት የመሳፍንትን መጽሐፍ ያላለውን ማስባል ነው።

ሁለቱም ወገኖች የሚጋሩት አንድ ድክመት አለ። ክርክሩን የተዋሱት፣ በተለይ አሜሪካ በ2013 እ.ኤ.አ. በሴቶች የውጊያ ምድብ ላይ የነበረውን እገዳ ማንሣቷን ተከትሎ ከበዛው ከዚያ አገር ጽሑፍ ነው። በዚያ ጽሑፍ ግንባር ሩቅ ነው፤ ጥያቄውም ማን ይላክ ነው። «ወንድ ይጠብቃል፣ ሴት ትጠበቃለች» የሚለው ሐሳብ ውብ ነው፣ እኔም በቤተሰብ ሕይወት እይዘዋለሁ። በወለጋ ግን ጦርነቱ ራሱ ወደ ጓዳ ገብቷል። ጠባቂ የተባለው ወንድ ሞቷል፣ ወይም ሸሽቷል፣ ወይም ታጥቆ የሌላውን ሴት ልጅ አስፈራርቷል። ይህን መሳፍንት 5 ከእኛ ይልቅ በግልጽ ያየዋል፦ የሲሣራ እናት በመስኮት ሆና ልጇ የዘገየው ምርኮ እየተካፈለ፣ ለያንዳንዱ ወታደር አንድ ሁለት ሴት እየደረሰው ነው ብላ ራሷን ታጽናናለች።

የአገራችን ታሪክም ለተዋሰነው ክፍፍል አይመችም። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ከተገደሉ በኋላ አርበኞችን መርተዋል፤ ጠባቂያቸው ሲገደል ጠባቂ ሆኑ። ግን ይህን ብቻ አንሥተን ማጨብጨብ የለብንም። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያበቃ ከሻዕቢያ ተዋጊዎች ሲሶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። በሜዳ እኩል የነበሩት ብዙዎቹ ወደ ቤት ሲመለሱ በሜዳ የመሠረቱት ትዳር ፈረሰ፣ የባል ቤተሰብም «ለቤት የማትሆን» አላቸው። ልጃገረድን ወደ ግንባር መላክ ነፃ መውጣት ነው የሚሉ ወገኖች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሉተር በ1526 እ.ኤ.አ. ወታደሮች ሊድኑ ይችላሉን ብሎ ሲጽፍ ስለ ሰልፈኛው ጾታ አልተከራከረም። አገልግሎቱ ሊፈቀድ እንደሚችል፣ ጌታው በደለኛ መሆኑን በእርግጥ ያወቀ ግን እግዚአብሔርን ይበልጥ ፈርቶ እንዳይዘምት ነበር የመከረው። የሉተርን ስም በምትሸከም ቤተ ክርስቲያን ይህ ጥያቄ ለወንዱም ለሴቷም ቀድሞ መምጣት ነበረበት። እኛ ግን ልጁን «ለምን ተኮስህ?» ሳንለው እጁን ጨብጠን እናስገባዋለን፣ እኅቱን ስለ ሱሪዋ እንጠይቃታለን።

በ2ኛ ሳሙኤል 20 የአቤል ቤት መዓካ ብልህ ሴት ከቅጥሩ ላይ ሆና ኢዮአብን ታስቆመዋለች። ታሪኩ ንጹሕ አይደለም፤ ከተማው የዳነው በሳቤዔ ራስ ነው። ቢሆንም ሴት በውጊያ መካከል ገብታ መናገሯ ለኦሮሞ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ሲንቄ የያዙ እናቶች በሚዋጉ ወንዶች መካከል ሲቆሙ ውጊያው መቆም እንዳለበት የሚያዝዘውን ሥርዓት አያቶቻችን ያውቁት ነበር። አንዳንድ አገልጋዮች ከአቴቴ ጋር እንዳይያያዝ ፈርተው ስሙን ከመድረክ አያነሡትም። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ዲቦራን ተዋጊ ለማድረግ የደከምነውን ያህል ለዚህች የአቤል ሴት አንድ ስብከት አለመስጠታችን ያስገርመኛል።

ለሽማግሌዎቹ ስብሰባ ዘኍልቍ 31፥19 ሳይሻል አይቀርም። ምዕራፉ ራሱ ከባድ ነው፣ በተለይ ስለ ተማረኩት ሴቶች የሚለውን ማንም በቀላሉ አያልፈውም። ሆኖም የገደለ ሁሉ፣ ድል ያደረገም ቢሆን፣ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ቆይቶ እንዲነጻ ይጠይቃል። እኔ በማውቃቸው ማኅበረ ምእመናን ለሚዘምት ሰው ይጸለያል፤ ለተመለሰው ግን ኑዛዜ የሚሰማበት፣ ያየውንና ያደረገውን የሚናገርበት፣ ከዚያም ወደ ጌታ ማዕድ የሚመለስበት የታወቀ ሥርዓት የለም። ያቺ እህት ወደ መዘምራን ልመለስ ባለች ጊዜ ስለ ዘዳግም 22 ለአንድ ሰዓት ተከራከርን። በግንባር ምን እንደ ደረሰባት የጠየቃት አልነበረም፣ እኔም ጭምር።