ከዋልታ የመጣ በረዶና ዕዳው

አንድ የጥበብ ሰው ዕቃውን ከሩቅ ምድር ያመጣ እንደ ሆነ፥ የሥራው ማማር ብቻውን አይበቃም፤ ዕቃው ከስፍራው መነሣቱ ተገቢ መሆኑን ሥራው ራሱ ሊያስረዳልን ይገባል። ከዋልታ ምድር በረዶ የተሠሩ ሁለት ሥራዎችን በዚህ ሚዛን ልንመዝን አስበናል።

የመጀመሪያው፥ እንግሊዛዊው ቀራጺ አንዲ ጎልድስዎርዚ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. በሰሜን ዋልታ ያቆሙት ነው። እንደ ባዘቶ የነጣውን በረዶ እየካቡ 4 ታላላቅ ክብ በሮች ሠሩ። ስፍራው የሰሜን መጨረሻ ስለ ሆነ፥ በየትኛውም በር የሚወጣ ሰው መንገዱ ወደ ደቡብ ነው። በረዶው ከአገሩ አልወጣም። ነገር ግን እኛ የምናየው ፎቶግራፉን ብቻ ስለ ሆነ፥ ውበቱ ሲደርሰን ቅዝቃዜው ሳይደርሰን ቀርቷል።

ሁለተኛው፥ ሠዓሊውና ቀራጺው ኦላፉር ኤልያሰን ከግሪንላንዳዊው የሥነ ምድር ሊቅ ከሚኒክ ሮሲንግ ጋር ያዘጋጁት ሥራ ነው። ስሙ «የበረዶ ሰዓት» ወይም «የበረዶ ጥበቃ» ተብሎ በሁለት መንገድ ሊፈታ ይችላል። በግሪንላንድ ከግግሩ ተገንጥሎ በባሕር ሰርጥ ላይ ይንሳፈፍ የነበረውን በረዶ አንሥተው፥ በ2014 ዓ.ም. በኮፐንሀገን፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥታት ስለ አየር ንብረት ለመምከር በተሰበሰቡ ጊዜ በፓሪስ፥ 12 ታላላቅ ቍራጮች እንደ ሰዓት ፊት ደረደሩ።

ማየት ማመን ነው ይባላል፤ በፓሪስ አደባባይ ግን መዳሰስ ማመን ሆነ። ሕዝቡ መዳፉን በበረዶው ላይ አሳረፈ፤ ጆሮውንም አስጠግቶ ከጥንት ዘመን ጀምሮ ታስሮ የኖረው አየር እየተንጣጣ ሲወጣ አደመጠ።

ስለ በረዶ መቅለጥ ለመናገር በረዶን በመርከብና በካሚዮን ማጓጓዝ ራሱ ነዳጅ ማቃጠል ነው ብለው የሚወቅሱ አሉ። ወቀሳው እውነት አለው። ቢሆንም በወረቀት ላይ ያለ ቍጥር ያላሳመነውን ሰው የገዛ መዳፉ ካሳመነው፥ ዕዳው በከንቱ አልተገባም እንላለን።

እኛ የምንነቅፈው የሰዓቱን ቅርጽ ነው። እየቀለጠ ያለ በረዶ ጊዜን ለመቍጠር መምህር አያሻውም፤ በክብ መደርደሩ በረዶው ራሱ የተናገረውን መልሶ መናገር ሆነ። በዚህ ረገድ ጎልድስዎርዚ ይበልጣሉ፤ የእርሳቸው በሮች ሌላ ምልክት የማይነግረንን የስፍራውን ምስጢር ይነግሩናልና። የኤልያሰንና የሮሲንግ ሥራ ግን በረዶውን ከሰው እጅ ስላደረሰው፥ ጕድለቱን ይዞም ቢሆን በልብ ውስጥ የሚቈየው እርሱ ነው።