ዝልዝሉን ያየ ቋንጣውን ያውቃል

ስለ ቋንጣ ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ቅመሙ ነው። እገሊት ኮረሪማ ጣል ታደርግበታለች፣ እገሊት በሚጥሚጣ ታሸዋለች ይባላል። ባለሙያዎች ሲዘለዝሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ካየሁ ወዲህ ግን ጣዕሙ የሚወሰነው በርበሬ ገና ሳይነካው፣ ቢላዋው ስር ነው ብዬ አምናለሁ።

ከቅርጫ የመጣ ስጋ እንደ ደረሰ አይዘለዘልም። ትኩስ ስጋ ከስለት ስር ይንሸራተታል፤ ቀዝቅዞ ጠንከር እስኪል ይጠበቃል። ውሃም አይነካውም፤ ደም ያለበት ቦታ በንጹህ ጨርቅ ይጠረጋል። የሚመረጠው ቀይ ስጋ ነው፤ ታላቅና ታናሽ፣ ከተገኘም ሽንጥ። ስቡ ተለይቶ ለጥብስ ይቀመጣል፤ ቋንጣ ላይ ከቀረ ውሎ ሲያድር ጠረኑ ይለወጥና የደህናውንም ስጋ ጣዕም ያበላሻል።

ከዚያ ስጋውን የሸፈነው ስስ ነጭ ሽፋን ይነሳል። ባለሙያዋ በጣቷ ጫፍ ፈልጋ ታገኘዋለች፤ የቢላዋውን ጫፍ ከስሩ አስገብታ፣ ስለቱን ወደ ሽፋኑ ቀና አድርጋ ቀስ እያለች ትገፋዋለች። ሽፋኑ ብቻውን ይነሳል፤ ስጋው አንድም ቦታ አይቆስልም። ለዚህ ሥራ ማንም አመስግኗት አያውቅም፣ ሰሃን ላይ አይታይምና። ሽፋኑ ከቀረ ግን ሲደርቅ እየተኮማተረ ዝልዝሉን ያጣምመዋል፤ ጨውም እንደ ልብ አያስገባም።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ጡጫ የሚያህል ሙዳ በግራ እጇ ትይዝና የስጋው ክር ወዴት እንደሚሄድ ታያለች። ክሩን ተከትላ ነው የምትቆርጠው፤ ክሩ የተቋረጠ ዝልዝል ገመድ ላይ ሲሰቀል የራሱን ክብደት አይችልም፣ ይበጠሳል። ቢላዋው ከአንዱ ጎን ገብቶ ሌላኛው ጠርዝ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። ሙዳው ይገለበጣል፤ ስለቱ አሁን ከወዲያኛው ጎን ይነሳና እንደገና ከጠርዙ በፊት ይቆማል። እንዲህ እያለ ያ ድቡልቡል ሙዳ እንደ ታጠፈ መቀነት ይተረተራል፤ ከአንዱ ሙዳ ከክንድ የሚረዝም አንድ ወጥ ዝልዝል ይወጣል።

ፈተናው መታጠፊያው ላይ ነው። ስለቱ ትንሽ ካለፈ ዝልዝሉ ይቆረጣል። ቀድሞ ከቆመ ደግሞ እዚያች ቦታ ላይ ቋጠሮ የሚመስል ወፍራም ስጋ ይቀራል። ጎበዝ ዘልዛይ በዚህ ጊዜ ዓይኗ ቢላዋው ላይ አይደለም፤ ከስጋው በታች ያለው አውራ ጣቷ የስለቱን መምጣት ይሰማል፣ ማቆሚያውንም የሚነግራት እሱ ነው። ከዚህ የበለጠ የረቀቀ የእጅ ሥራ በማድ ቤት ውስጥ አላየሁም።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? ቀይ ስጋ ከመቶ 70 እስከ 75 እጁ ውሃ ነው። ቋንጣ መሥራት ማለት ስጋው ሳይበላሽ ያንን ውሃ ቀድሞ ማስወጣት ነው። ውፍረቱ እኩል የሆነ ዝልዝል ከጫፍ እስከ ጫፍ አብሮ ይደርቃል። ወፍራም መታጠፊያ ያለበት ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ መጥፎው ሽታ የሚነሳውም ከዚያ ነው። ምንም ዓይነት ቅመም አያድነውም።

የቀረው ቀላል ነው። ጨው፣ በርበሬና ቁንዶ በርበሬ ይታሻል፤ ጨው ውሃውን ይስባል፣ ተህዋስያንንም ይገታል። ከዚያ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ገመድ ላይ ይሰቀላል። በደጋው ደረቅ ወቅት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፤ ክረምት ላይ ግን እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል። ሦስት ኪሎ ስጋ ደርቆ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። በቅበላ የተረፈ ስጋ በዚህ መንገድ የሁዳዴን 55 ቀን ተሻግሮ ለፋሲካ ማግስት ፍርፍር ይደርሳል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን በማራገቢያና በኤሌክትሪክ ማድረቂያ ያደርቁታል፤ ይህም ያስኬዳል፣ ዝልዝሉ እኩል እስከሆነ ድረስ።

እንግዲህ ቋንጣ ስትገዙ በበርበሬው ቅላት አትታለሉ። አንዱን አንሱና መታጠፊያው ላይ ስበሩት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረና ውስጡ እንደ ላዩ ከጠቆረ ግዙ። ከተለመጠ፣ ወይም መሃሉ ላይ ቀላ ያለ እርጥበት ካያችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት።